ስለ ማርጀትና ስለ መርሳት

በግእዝ ቋንቋ በድምፅ እጅግ የተቀራረቡ፣ በፊደልና በትርጓሜ ግን የተለያዩ ሁለት ግሦች አሉ። አንደኛው «ረሥአ» ነው፤ አረጀ፣ ሸመገለ ማለት ነው፤ የሚጻፈውም በንጉሡ ሠ እና በአልፋው አ ነው። ሁለተኛው «ረስዐ» ነው፤ ረሳ፣ ዘነጋ ማለት ነው፤ የሚጻፈውም በእሳቱ ሰ እና በዐይኑ ዐ ነው። የዛሬ አንባቢ ፊደላቱን በድምፅ ስለማይለይ ሁለቱ ቃላት በጆሮ አንድ መስለው ይሰማሉ። በጆሮ አንድ እንደ መሰሉ ሁሉ በብዙ ሰው ዐሳብም አንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ያረጀ ሁሉ የረሳ፣ የሸመገለ ሁሉ ልቡናው የከዳው ይመስለዋልና።

ነገር ግን ሦስተኛ ግሥ ደግሞ አለ፤ እርሱም «ልህቀ» ነው። ልህቀ ማለት አደገ፣ በዕድሜ ገፋ ማለት ሲሆን «ሊቅ» የሚለው ስም ከዚሁ የወጣ ነው። አባቶቻችን የዕድሜን መግፋት ከዕውቀት ጋር በአንድ ቃል አስተሳስረውታል እንጂ ከመርሳት ጋር አላስተሳሰሩትም። እንግዲህ ማርጀት ወደ መርሳት የሚወስድ ነው ወይስ ወደ ሊቅነት? ሁለቱም ቢሆን የትኛው ኀይል ይደክማል? የትኛውስ ይጸናል? የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን መመርመር ነው።

ነገሩ ለእኛ ተራ ጥያቄ አይደለም። በሌላው ዓለም ዕውቀት በመጽሐፍ ተጽፎ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን የዕውቀት ታላቁ ክፍል በሰው ልቡና ተጽፎ ይኖራል። በመቐለ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት አድባራትና ገዳማት የዜማውን ስልት፣ የአቋቋሙን ሥርዓት፣ የቅኔውን መንገድና የትርጓሜውን ሐተታ የያዙት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ አባቶች ናቸው። ስለ እነዚህ አባቶች ልቡና ያለን ዐሳብ የተሳሳተ ቢሆን የሚጎዳው የእነርሱ ክብር ብቻ አይደለም፤ ከእነርሱ ልንቀበለው የሚገባው ሀብትም ይጠፋል።

1ኛ፤ የማስታወስ ኀይል አንድ ብቻ እንዳይደለ

አንድ አረጋዊ መሪጌታ በማለዳ መቋሚያቸውን የት እንዳስቀመጡት ሊጠፋቸው ይችላል፤ ትናንት የጎበኛቸውን እንግዳ ስም ቢጠየቁም ቶሎ አይመጣላቸው ይሆናል። ነገር ግን በማኅሌት ቆመው ሲመሩ ይዘቱን ከደረቱ፣ ሂደቱን ከርክርኩ ሳያፋልሱ፣ ግእዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ሳያደባልቁ ይፈጽሙታል። ይህን የሚያይ ደቀ መዝሙር «መቋሚያውን የረሳ ልቡና ድጓውን እንዴት አልረሳውም?» ብሎ ይደነቃል።

መልሱ የማስታወስ ኀይል ልዩ ልዩ ክፍል ያለው መሆኑ ነው። ኤንደል ቱልቪንግ የተባለ በካናዳ ያስተምር የነበረ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1972 (የውጭ ሊቃውንትን በሚመለከት የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ትዝታን በሁለት ከፍሎ አስረድቶአል። አንዱ የድርጊት ትዝታ ነው፤ እርሱም በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ ይህ ሆነ የሚለው ነው። ሁለተኛው የዕውቀት ትዝታ ነው፤ እርሱም የቃልን ትርጓሜ፣ የነገርን ባሕርይ፣ የትምህርትን ቁም ነገር የሚይዘው ነው። ከእነዚህ ሌላ በእጅ፣ በእግርና በድምፅ የተለመደ የሥራ ትዝታ አለ፤ ጸናጽል የሚያነሣ እጅና የሚያሸበሽብ እግር የሚመሩት በዚህ ነው። ደግሞ አንድን ነገር ለጥቂት ጊዜ በልቡና ይዞ ሌላ ነገር መሥራት የሚያስችል ኀይል አለ።

ዕድሜ እነዚህን ሁሉ በእኩል አይነካቸውም። ቀድሞ የሚደክሙት የቅርብ ድርጊት ትዝታና በልቡና ይዞ የመሥራት ኀይል ናቸው። የዕውቀት ትዝታና የሥራ ልማድ ግን ረጅም ጊዜ ይጸናሉ። ስለዚህ መቋሚያ የተረሳበት መዝገብና ድጓ የተጻፈበት መዝገብ የተለያዩ ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

2ኛ፤ ስለ ፈጣኑና ስለ ረጋው ዐቅም

ሬይመንድ ካተል የተባለ ሊቅ በ1943 የሰውን የማሰብ ችሎታ በሁለት ከፈለው፤ በ1966 ደግሞ ከጆን ሆርን ጋር ሆኖ ትምህርቱን አስፋፋው። አንደኛው እንደ ውሃ የሚፈስ ፈጣን ዐቅም ነው፤ አስቀድሞ ያልታየ አዲስ ነገር ሲመጣ ፈጥኖ መገንዘብና መፍታት የሚቻልበት ነው። ሁለተኛው የረጋ ዐቅም ነው፤ በብዙ ዘመን ትምህርትና ኑሮ የተከማቸ ዕውቀትና ማስተዋል ነው። ፈጣኑ ዐቅም በወጣትነት ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። የረጋው ዐቅም ግን እስከ ሽምግልና ድረስ ያድጋል።

ለዚህ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ ብንፈልግ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 የተጻፈውን እናገኛለን። ካህኑ ዔሊ አርጅቶ ዐይኖቹ ፈዘው ነበር። በሌሊት የተጠራው ብላቴናው ሳሙኤል ነው፤ ድምፁን የሰማውም እርሱ ነው። ጆሮው ፈጣን፣ እግሩም ለመታዘዝ ቀልጣፋ ነበር፤ ሆኖም የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አላወቀም። በሦስተኛው ጊዜ ጠሪው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተዋለውና ብላቴናው ምን ብሎ እንዲመልስ ያስተማረው ዐይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ነው። መስማት የወጣቱ፣ ማስተዋል የአረጋዊው ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ ጥሪው መልስ ባላገኘም ነበር።

ይህ ነገር በምርምርም የተረጋገጠ ነው። ዋርነር ሻይ የተባለ ሊቅ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በ1956 የጀመረው ምርመራ እነዚያኑ ሰዎች በየ7 ዓመቱ እየፈተነ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆይቶአል። የተገኘውም ይህ ነው። በአብዛኞቹ ችሎታዎች እርግጠኛ ድካም ከ60 ዓመት በፊት እምብዛም አይታይም፤ ቀድሞ የሚቀንሰው የፍጥነት ነገር ነው፤ የቃላት ዕውቀት ግን ዘግይቶ ይደክማል። 81 ዓመት በሞላቸው ሰዎች ዘንድ እንኳ፣ አንዱን ችሎታ ለብቻው ወስደን ከ7 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ብናመዛዝነው፣ በእርግጥ የደከሙት ከግማሽ በታች ሆነው ተገኝተዋል። እንዲሁም በ1986 ሻይና ሼሪ ዊሊስ የደከሙ አረጋውያንን በአምስት ጊዜ ልምምድ አስተምረው ከእነዚህ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ14 ዓመት በፊት ወደ ነበሩበት ደረጃ እንደ ተመለሱ አስታውቀዋል።

ከዚህ ምርመራ ሌላ ትምህርትም እናገኛለን። የዛሬውን ሽማግሌ ከዛሬው ወጣት ጋር አስተያይቶ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ያደጉበት ዘመንና የተማሩት ትምህርት የተለያየ ነውና። በመቐለ በእዳጋ ሰኑይ በአሞሌ ንግድ ያረጀ ሰው የልጅ ልጁ የእጅ ስልክ በጣቱ ሲነካ እያየ ቢደናገር ልቡናው ደከመ አይባልም፤ በልጅነቱ አልተማረውምና። ሰውን ማመዛዘን የሚገባው ከትናንት ማንነቱ ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም ሁለቱ ዐቅሞች ተለይተው ይታወቃሉ። የቅኔ ተማሪ ሌሊት ቅኔውን ሲቈጥር አዲስ ምሥጢር፣ አዲስ ሰምና ወርቅ ይፈልጋል፤ ይህ የፈጣኑ ዐቅም ሥራ ነው። ነገር ግን አዲሱ ቅኔ የሚሠራው ከብዙ ዘመን ግሥ፣ ታሪክና ምሥጢር ነው፤ ይህም የረጋው ዐቅም መዝገብ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ቶሎ ይቈጥራል፤ ጠልቆ የሚዘርፈው ግን ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው።

3ኛ፤ በልጅነት የተማሩት ስለ ምን እንደሚጸና

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት ሰው አንድ ጊዜ ያጠናውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት እንደሚረሳ፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ እንደሚሄድ በቍጥር አሳይቶአል። ከእርሱ 99 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ሃሪ ባህሪክ በትምህርት ቤት የእስፓኝ ቋንቋ የተማሩ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችን እስከ 50 ዓመት የሚደርስ ጊዜ ካለፈ በኋላ መረመረ። ከትምህርቱ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 6 ባሉ ዓመታት ብዙው ተረሳ፤ ከዚያ ያለፈው ግን ለ30 ዓመት ያህል ሳይናወጥ ጸንቶ ተገኘ። ቀድሞ አጥብቀው የተማሩት የበለጠ አስቀሩ። እንግዲህ ትምህርት መጀመሪያውን ተሻግሮ አንዴ ሥር ከሰደደ ዕድሜ በቀላሉ አይነቅለውም።

ሥር የሚሰድደውስ በምን መንገድ ነው? በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሁለተኛውን ወገን አንብቦ ያለ መጽሐፍ በቃሉ እንዲናገር አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው የተናገሩት በለጡ።

የቤተ ክርስቲያናችን ተማሪ ይህን ከጥንት ጀምሮ ሲፈጽመው ኖሮአል። ቃል ትምህርት የሚሰጠው በአፍ ነው፤ ተማሪው ይቀጽላል፤ ከዚያም ያለ መጽሐፍ በየኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል። ከተማረም በኋላ ሥርዓተ ጸሎቱ ራሱ ትምህርቱን እያደሰ ይጠብቅለታል። 150ው መዝሙረ ዳዊት በ15 ንጉሥ ተከፍሎ ይደገማል፤ ውዳሴ ማርያም በ7ቱ ዕለታት ተመድቦ በየሳምንቱ ይመለሳል፤ ድጓው ከዘመን መለወጫ ጀምሮ በዓመቱ በዓላት ተሰድሮ በየዓመቱ ይዞራል። ቀን፣ ሳምንትና ዓመት ለትዝታ ጠባቂዎች ሆነው ተሹመዋል ማለት ነው። ደግሞ ዜማው ቃሉን ይጠራዋል፤ የአካል ንቅናቄው ዜማውን ይጠራዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው መርቶ ያደርሳል።

በዚሁ በትግራይ ምድር በአክሱም የተወለደው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እንዳልገባው፣ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፍ ላይ የወጣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ሁላችን እናውቃለን። ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስለ ትዕግሥት እናስተምርበታለን። ነገር ግን ለሽማግሌም ይጠቅማል፤ የማስታወስ ኀይል የተሰጥዎ ብቻ ሳይሆን የመደጋገም ፍሬ መሆኑን ያሳያልና። በዕድሜ የገፋ ሰው አዲስ ነገር ለመማር ብዙ ጊዜ መመላለስ ቢያስፈልገው የሚያሳፍረው አይደለም።

4ኛ፤ ዕድሜና ደዌ እንዳይቀላቀሉ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ጤነኛ ሽምግልና ነው። ከዚህ የተለየ ደዌም አለ። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ያስታወቀው፣ በስሙም የተጠራው በሽታ የአንጎልን ሕዋሳት እየጎዳ ትዝታንና ማስተዋልን ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በ2021 በዚህና ይህን በመሳሰሉ የአእምሮ መድከም ደዌያት የተያዙ ሰዎች 57 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት መካከለኛና አነስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜ ለዚህ ደዌ ያጋልጣል፤ ደዌው ግን ራሱ ዕድሜ አይደለም።

መለያው እንዲህ ነው። መክፈቻውን የት እንዳስቀመጠ መርሳት የዕድሜ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መክፈቻ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ግን የደዌ ምልክት ነው። የሰው ስም ዘግይቶ መምጣቱ የዕድሜ ነው፤ ለ40 ዓመት ከሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ቢጠፋ፣ አንዱን ጥያቄ ባንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ ቢመጣ፣ ጠባይ ፈጽሞ ቢለወጥ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

በዚህ ረገድ በሁለት ወገን እንስታለን። አንዱ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ነው፤ ሁለተኛው «ጃጅቶአል» ብሎ ማቃለል ወይም ሁሉን ነገር ለርኩስ መንፈስ መስጠት ነው። በጸሎትና በጸበል የሚረዳ ሰው ሐኪምንም ቢያይ ከሃይማኖቱ አይጎድልም። መርሳት ከሚያመጡት ነገሮች ብዙዎቹ ታክመው የሚድኑ ናቸውና፤ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የአንዳንድ መድኃኒት ጠንቅ፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ ከእነዚህ ይቈጠራሉ። ይህ ቫይታሚን በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቍላልና በዓሣ የሚገኝ ስለ ሆነ ጾም የሚያዘወትሩ አረጋውያን በፍስክ ወራት ምግባቸውን እንዳያጓድሉ፣ ድካም ቢሰማቸውም ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ያስፈልጋል።

ኀዘንም መርሳትን ይመስላል። በትግራይ የሚኖሩ አረጋውያን የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ፣ በሰኔ 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ የወረደውን እልቂት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሆነውን ጦርነት በአንድ ዕድሜ ያሳለፉ ናቸው። ልጁን የቀበረ ሽማግሌ ዝም ቢል፣ ነገር ቢዘነጋ፣ የሚነገረውን ባያዳምጥ ልቡናው ጠፋ ከማለት በፊት ልቡ እንደ ተሰበረ ማስተዋል ይገባል። ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በመቐለ በዓይደር ሆስፒታል እንኳ መድኃኒት ጠፍቶ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሳይታከሙ ሲቀሩ የአንጎልን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሕክምናው የተቋረጠበት አረጋዊ ሁሉ ዛሬ ሊመረመር ይገባዋል።

በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንት ሊታረሙ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ቈጥረው፣ እነዚህ ቢታረሙ ከዚህ ደዌ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። ከእነዚህም የጆሮ መድከም፣ የዐይን መድከም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትንባሆ፣ የመጠጥ ብዛት፣ የትምህርት ማነስና ከሰው ተለይቶ ብቻ መቀመጥ ይገኛሉ። ጆሮ ያልሰማውን ልቡና ሊያስታውሰው አይችልም፤ ጎብኚ ያጣ ሽማግሌም ልቡናው የሚሠራበትን ያጣል። ዴቪድ ስኖዶን የተባለ ሊቅ ከ1986 ጀምሮ በአሜሪካ 678 ካቶሊካውያት መነኮሳትን ሲመረምር፣ በወጣትነታቸው ሐሳባቸውን አበልጽገው ይጽፉ የነበሩት በሽምግልናቸው በዚህ ደዌ እምብዛም እንዳልተያዙ አግኝቶአል። ከሞቱም በኋላ አንጎላቸው ሲታይ ደዌው ኖሮባቸው ሳለ እስከ ፍጻሜ በማስተዋል የኖሩ ተገኝተዋል።

ደዌው በእርግጥ የመጣ እንደ ሆነስ? መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 አባት ቢያረጅ፣ ማስተዋሉም ቢጐድል እንኳ ልጅ እንዲታገሠውና እንዳያዋርደው ያዝዛል። ትእዛዙ ለአስተዋዩ አባት ብቻ ሳይሆን ማስተዋል ለጐደለውም የተሰጠ መሆኑን ልብ እንበል።

5ኛ፤ ከእኛ የሚፈለገው

አስቀድሞ ለአረጋዊ መምህር ጊዜ እንስጠው። ቲሞቲ ሶልትሃውስ የተባለ ሊቅ በ1996 እንዳስረዳው በዕድሜ ከሚመጣው ድካም ታላቁ ክፍል የፍጥነት መቀነስ ነው። የዘገየ መልስ የጠፋ መልስ አይደለም። በጫጫታ መካከል እያቻኰሉ ከመጠየቅ ይልቅ ጸጥ ባለ ስፍራ ተቀምጦ፣ አንዱን ጥያቄ ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ፣ ቃሉ ቢዘገይም መነሻውን በዜማ አንሥቶ መጠበቅ ይገባል።

ቀጥሎ፣ ሳይመሽ እንቀበላቸው። በጦርነቱ አብያተ ክርስቲያናትና ንዋያተ ቅድሳት ተጎድተዋል፤ ካህናትም ሞተዋል። የተቃጠለ ብራና አምሳያው በሌላ ደብር ቢገኝ ይገለበጣል፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ስልት ግን ባለቤቱ ሳያስተላልፈው ቢያልፍ የሚገለበጥበት የለም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት፣ በመቐለ የተቋቋመው የቅዱስ ፍሬምናጦስ ከሣቴ ብርሃን መንፈሳዊ ኮሌጅ ደቀ መዛሙርት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየደብራቸው ያሉትን አረጋውያን መምህራን ስም መዝግበው፣ ድምፃቸውን በመቅረጫ ቀርጸው፣ ከሁሉ በላይ ግን በእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቢማሩ መልካም ነው። መቅረጫ ድምፅን ይይዛል፤ ስሕተትን አርሞ የሚመልስ ግን መምህር ብቻ ነው። ማስተማሩም ለመምህሩ መድኃኒት ነው፤ የሚጠየቅ ልቡና አይዝግምና።

ለአረጋውያን አባቶችም አንድ ቃል አለን። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 19 ገለዓዳዊው ቤርዜሊ 80 ዓመት በሞላው ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት እንዲሄድ ለመነው። እርሱ ግን የመብሉን ጣዕም እንደማይለይ፣ የዘማርያንንም ድምፅ እንደማይሰማ ሳይሸሽግ ተናገረ፤ በእርሱም ፈንታ ወጣቱን ሰጠ። ጣዕሙና ጆሮው ደክመው ነበር፤ ማስተዋሉ ግን ምን እንደ ደከመበትና ምን እንደ ቀረለት ለይቶ የሚያውቅ ነበር። አባቶች ሆይ፣ የደከመባችሁን ለመናገር አትፈሩ፤ የቀረላችሁንም አትሰውሩ። ጆሮ ቢከብድ ለሐኪም ንገሩ፤ ስም ቢጠፋ ጻፉት፤ ሌሊቱን የሚያስቆም ጕልበት ባይኖር ተቀምጣችሁ አስተምሩ፤ በእናንተ ፈንታ የሚቆመውን ወጣት ዛሬ ምረጡ።

ወጣቶችም ሆይ፣ ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ዔሊ እንደ ሮጠ ወደ አባቶቻችሁ ሩጡ። የሰማችሁትን ነገር ትርጓሜ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አረጋውያንን በማስተዋል፣ ወጣቶችን በትጋት፣ ሕሙማንን በምሕረቱ ይጠብቅልን ዘንድ የልዑል እግዚአብሔር ቸርነት አይለየን፤ አሜን።